ግማሽ ፐርሰንት

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024
ኦርደን፣ አዮዋ

ለልጄ ለዌድ፣

ደብዳቤህ ረቡዕ ደረሰኝ። ሳሉ ተወኝ ብለሃል፤ ጽሑፍህ ግን ከመስመር መስመር ይዘላል፤ ስለዚህ አላመንኩህም። የሚሰጡህን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ዋጠው። ይህን በነጭ ወረቀትና በጥቁር ቀለም ጽፌልሃለሁ። ያለፈውን ደብዳቤዬን የእስር ቤቱ ሰዎች ወረቀቱ ቢጫ ነው ብለው መልሰውብኛል።

እኛ ደህና ነን። ጃንዋሪ ውስጥ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ገብቶ ትምህርት ቤት አራት ቀን ተዘጋ። ያን ሰሞን የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ በረዶው የቀለጠ ሥጋ እንዳይበላሽ አብራኝ ከምታበስለው ከዶሪን ጋር ስንሯሯጥ ነበር። የአባትህ ጉልበት እንደ በፊቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የአረጋውያን ቤት ማጽዳቱን ከተውኩ ዓመት ተኩል ሆነኝ፤ አሁን አያስፈልግም።

የምጽፍልህ ስለ ክሬዲት ካርድ ነው። አትሳቅ። ኤፕሪል ላይ ስትወጣ የት እንደምታድር የሚወስነው እሱ ሆኖ ተገኝቷል።

አባትህ እዚህ ቤት አይገባም ያለውን አልሻረም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩትም። አድራሻ ካላስመዘገብክ አመክሮው እንደሚተላለፍ ደግሞ አንተው ጽፈህልኛል። በከተማው በአንተ አቅም የሚከራይ አንድ ክፍል ነው ያለው፤ ከብረታ ብረት ሱቁ በላይ ያለው የሃርም ቡስከር ክፍል። ኦክቶበር ላይ ሄጄ ጠየቅኩት። ሃርም የት እንዳለህ ያውቃል፤ ማን የማያውቅ አለ። እሱ ግድ የለኝም አለ። ሰው ብድሩን እንዴት እንደከፈለ የሚያሳየውን የክሬዲት ወረቀት ሳላይ ግን ለገዛ ወንድሜ ልጅም አላከራይም አለኝ። አንተ ደግሞ ወረቀት ላይ የለህም። በስምህ የተከፈተ ካርድም ብድርም ኖሮ አያውቅም። ሃርም ይህን ስነግረው የክሬዲት ነጥቡ ዝቅ ያለ ሰው ይሻለኛል፣ ቢያንስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ አለ። ተነስቼ ወጣሁ።

ካርዱ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ዶሪን የልጆቹን ወተት በካርዴ ከፍዬ ስመጣ አየችና ካርዱ ከምታወጪው ከመቶ ስንት ይመልስልሻል አለችኝ። ምንም አይመልስም አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ካርዱን መቼ እንዳወጣሁት ጠየቀችኝ። የድሮው ፎርድ ባትሪ የሞተ ጊዜ፣ በ1992 ነው አልኳት።

«አንቺ ሴትዮ» አለችኝ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ለባንክ በነፃ ስታገለግዪ እኔ ባጠገብሽ ድንች እልጣለሁ?»

ሳምንቱን ሙሉ የሁሉም አፍ ማሟሻ ሆንኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው ሁሉ ካርዷን እያወጣች አሳየችኝ። አንዳንዱ ለቤንዚን ይህን ያህል፣ ለምግብ ያን ያህል፣ በሦስት ወር ደግሞ የሚለዋወጥ ነው። እሱን ተውኩት፤ ቤንዚን ስቀዳ ወሩን የምቆጥር ሰው አይደለሁም። ለሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ከሚመልሱት ሁለት ቀሩኝ። አንደኛው በማንኛውም ዕቃ ላይ ሁለት ፐርሰንት ይመልሳል። ሌላው የራሴው ባንክ ነው፤ የሚመልሰው አንድ ተኩል ሲሆን ለአዲስ ደንበኛ በመጀመሪያ ሁለት መቶ ዶላር ይሰጣል።

አባትህ ይህን ሲሰማ ነቃ። የበቆሎ ዘር ድርጅቱ በላከው ፖስታ ጀርባ ላይ አሰላው። በወር ወደ አሥራ አራት መቶ እናወጣለን። የግማሽ ፐርሰንቱ ልዩነት በዓመት ሰማንያ አራት ዶላር ነው። ሁለት መቶው ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ፐርሰንቱ ይበልጣል። ሁለት ጊዜ አሰላው፤ ያው ሆነ። ሁለት ፐርሰንቱን አውጪ፣ የድሮውን ዝጊው አለኝ። እዚህ ቤት ከአንድ ካርድ በላይ እንዳይኖር የወሰነበትን ዓመት ታውቀዋለህ። ያ ውሳኔ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው። ካርድ በበዛ ቁጥር አደጋው ይበዛል ባይ ነው፤ እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ያረጀውን መዝጋት ንጹሕ አሠራር ይመስለኝ ነበር።

ከታንክስጊቪንግ በዓል በፊት ባለው ማክሰኞ፣ በምሳ ዕረፍቴ፣ ዱቄት ክፍል ገብቼ ለባንኩ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝ። ያነሳችው ሴት ኢሜልዳ ትባላለች፤ ከቴክሳስ ነው የምታወራው። ካርዴን መዝጋት እፈልጋለሁ አልኳት። ምን አጠፋንብዎት አለች። ምንም አላጠፋችሁም፣ ግን ምንም አትመልሱም አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሒሳቡን ከፍታ ማንበብ ጀመረች። ከ1992 ኦክቶበር ጀምሮ አንድም ቀን ያሳለፈ ክፍያ የለም። 2019 ላይ ስትደርስ ቀስ አለች። በአሥራ አንድ ሳምንት ሰባት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ዶላር። ከዚያ ሠላሳ ስምንት ወር፣ በየወሩ፣ ሳይዘለል የተከፈለ።

ያን ጊዜ የቤት ዕቃ ገዝተን ነበር አልኳት።

እሷም እሺ ወይዘሮ ዳይክ አለችና አለፈችው። ያን ዕዳህን ባንኩ ተወው ብዬህ እንደነበር አስታውሳለሁ። እዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም።

እንዲህም አለችኝ። ካርዱን ከመዝጋት ወደ ባለ አንድ ተኩሉ ልንለውጥልዎት እንችላለን፤ የነባር ስለሆነ ሁለት መቶው የለም፣ ቁጥሩና የተከፈተበት ቀን ግን አይነካም። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ የተከፈተበት ቀን ምን ያደርግልኛል አልኳት። ለእርስዎ ብዙም አያደርግም አለች። ከዚያ ልጅ አለዎት ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ አለኝ አልኳት። ካርድ ኖሮት አያውቅም።

«እንግዲያው አይዝጉት» አለችኝ። «ተጨማሪ ተጠቃሚ ብለው ስሙን ያስገቡት። ሠላሳ አንዱ ዓመት በእሱ ወረቀት ላይ ይወጣል።»

አልገባኝም። ከዛሬ ጀምሮ ማለትሽ ነው አልኳት። አይደለም፣ ከ1992 ጀምሮ አለች። እሱ ያኔ አልተወለደም አልኳት። አውቃለሁ አለች፤ የተወለደበትን ዓመት ሳትጠይቀኝ። የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አንድ ሳንቲም አልከፈለም አልኳት። አዎ፣ ግን በእሱም ስም ይቆጠራል አለች። ማጭበርበር መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሕጋዊ ነው ወይ አልኳት። ወይዘሮ ዳይክ፣ ሰዎች ለልጆቻቸው በየቀኑ የሚያደርጉት ነው አለችኝ፤ የመኪና ዘይት ስለመቀየር የምታወራ ይመስል።

ዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። ዌድ፣ ቤተ ክርስቲያን የተቀመጥኩባቸውን እሑዶች ብትቆጥር ሦስት ሺህ ያልፋሉ። አንዱ የከፈለው ለሌላው ይቆጠራል የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፣ ዘምሬዋለሁ። ሰምቼ እንደማላውቅ የገባኝ ያን ማክሰኞ ነው። አንዲት ሴት ሥራዋ ነውና በስልክ ነገረችኝ። አንተ ከመወለድህ ሁለት ዓመት በፊት የከፈልኩት ባትሪ ያንተ ሆነ። የክረምት ጎማ፣ የጥርስህ ብረት፣ የአያትህ ቀብር አበባ። ያ ዓመትም እንኳ፤ በጊዜው እንደተከፈለ ሆኖ፣ ባንተ ስም። እስክሪብቶ ይዤ ነበር፤ ምንም ሳልጽፍ ቀረሁ። ኢሜልዳ አሉ ወይ፣ አሉ ወይ ስትል ይሰማኛል። ዶሪን በሩን ከፍታ ማን ሞተ አለችኝ።

ነገር ግን ካርዱ አንድ ነው መሆን ያለበት። የድሮውን ካቆየሁ ሁለት ፐርሰንቱን አላገኝም። ማታ እራት ላይ ለአባትህ ነገርኩት። ድንቹን ቆርጦ ሳይጎርሰው አስቀመጠው። የጠየቀኝ ካርዱ ያንተን ስም ይዞ ይመጣል ወይ ብሎ ነው። ይመጣል፣ እቆርጠዋለሁ፣ የሚፈለገው ስሙ ብቻ ነው አልኩት። ፖስታውን ከመሳቢያ አወጣና ያሰላውን አየው።

«በዓመት ሰማንያ አራት ዶላር ልትከፍዪለት ነው በይኛ» አለኝ።

«አዎ።»

«ከቦርሳሽ አውጥቶ የወሰደው አልበቃውም?»

«ሌላንድ» አልኩት፣ «ያን ከፍዬ ጨርሻለሁ። የምትጠይቀኝ ስለ ግማሽ ፐርሰንቱ ከሆነ ጠይቀኝ።»

ሳህኑን ራሱ አጥቦ ወጣ፤ ጋራዡ ውስጥ መብራት ሲበራ አየሁ። በሦስተኛው ቀን ባንኩ የሚጠይቀውን ያንተን ማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር የያዘችውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አገኘሁት፤ እሱ ሣጥን ውስጥ እንደነበረች አላውቅም ነበር። ደውዬ አስገባሁህ። ዲሴምበር ላይ ካርድህ በፖስታ መጣ። ስምህ ከፍ ከፍ ባሉ ፊደላት ታትሟል። በመቀስ አራት ቦታ ቆረጥኩት፤ ይህን በቀጥታ እነግርሃለሁ፤ ሌላ ሰው ቢነግርህ ይከፋሃል። ስምህ ግን ከባንኩ መዝገብ አልተቆረጠም።

ከዚያ መጠበቅ ነበር። ኢሜልዳ አንዳንዱ ሰው በአንድ ወር፣ አንዳንዱ በሁለት ይወጣለታል ብላኛለች። ጃንዋሪ አለቀ። ሌላ ሰው ክፍሉን ሊያይ መጣ ሲሉ ሰማሁ፤ ከዶሮ ማረጃው አንድ ልጅ። ትናንት ቅዳሜ ጠዋት ሃርም ክሬዲትህን እንዲያይ የፈረምክበትን የፈቃድ ቅጽ ይዤ ልሄድ ስል አባትህ መኪናውን አስነስቶ አገኘሁት። መንገዱ በረዶ ነው፣ አንቺ አትነጂም አለኝ። መንገዱ ደረቅ ነበር።

ሃርም ኮምፒዩተሩን የምትነካለት ልጁ ማርጎ ናት። ስምህን አስገባች። እኛ ምስማር በሚሸጥበት መደርደሪያ አጠገብ ቆመናል። አባትህ ኮፍያውን አላወለቀም። ማሽኑ ወረቀቱን አተመ፤ ማርጎ አነበበችና አባቷን ጠራችው።

«ይህ ሰውዬ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችው።

«ሃያ ዘጠኝ።»

«የክሬዲቱ ዕድሜ ሠላሳ አንድ ነው እኮ።»

ሃርም መነጽሩን አደረገ። ነጥቡ ሰባት መቶ አርባ ሁለት ነው። ሃርም የኔ እንኳ እንዲህ አይደለም አለ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ይዞ ሄደ፣ ገለበጠ፣ ተመለሰ። እኔ ላስረዳው አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ አላየም። ከአባትህ ጋር አርባ ዓመት አብረው እህል ሸጠዋል፤ የጠየቀው እሱን ነው።

«ሌላንድ፣ ወረቀት ወረቀት ነው። አንተ አባቱ ነህ። ይህ ልክ ነው?»

አባትህ ወረቀቱን ተቀበለው። በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወረደ፤ ዘር ሲቆጥር እንደሚያደርገው፣ መስመር በመስመር። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። የትኛው ዓመት እንደሆነ ከቆምኩበት አላየሁም፤ ግን አወቅኩ። ማርጎ እስክሪብቶዋን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። ልሄድና ከእጁ ልወስድበት ነበር።

«ልክ ነው» አለ። «አንድ ቀን አላሳለፈም።»

ሃርም ቁልፉን ከመስቀያው አወረደና ለእሱ ሰጠው። ለእኔ አይደለም፤ ለእሱ። ደረጃውን ወጣን። ክፍሉ አንድ መስኮት አለው፣ ወደ ባቡር ሐዲዱ። ማሞቂያው ይሠራል። አባትህ የቧንቧውን ውኃ ከፍቶ ዘጋ፣ ከፍቶ ዘጋ፤ ይንጠባጠባል፣ የቧንቧው ጎማ ነው፣ ማክሰኞ እመጣለሁ አለ።

ኪራዩ በወር አምስት መቶ ሰባ አምስት ነው። በየወሩ በመጀመሪያው ቀን። የኤፕሪልንና የሜይን እኔ ከፍያለሁ። ጁን ያንተ ነው።

ሳልህን ተከታተል። የምትገባበት በር የተከፈተልህ ይሁን፤ የሚጠብቅህ አምላክ እስከዚያ ድረስ ከዚያ ግድግዳ በስተኋላም አይለይህ። አባትህ ሰላም በይው አላለኝም፤ ግን እየጻፍኩ ሳለ በትከሻዬ በኩል ሁለት ጊዜ አልፏል።

እናትህ፣
አርሊስ