ምራቅህን የሰጠኸው ለዚህ ነበር

አባዬ፣

ከተለየኸን አራት ዓመት ሞላ። እናቴ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ አልታዘዝ ብሏታል። የቤቱን ሣር አንሥተን ቆርቆሮ አልብሰነዋል። እኔ አሁንም ወልቂጤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ሳትሰማው ስለቀረኸው ነገር ነው።

ስለ ዘር የሚያጠኑት ሰዎች ከአታት ወዲያ ወዳለው መንደራችን የመጡ ዕለት ትዝ ይልሃል። እኛ እንጨት ሠሪዎቹ ከገበሬው የተለየን ሕዝብ መሆን አለመሆናችንን በምራቅ እንመረምራለን አሉ። መጥረቢያህን አስቀመጥክና፣ "ከገበሬው ጎረቤቴ ከአቶ ዘርጋም ትወስዳላችሁ?" አልካቸው። አዎ ሲሉህ፣ "እንግዲያው የሁለታችንን አንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት" ብለህ ሰጠሃቸው። መልሱን መጥተው ሊነግሩህም ቃል አስገባሃቸው።

አልመጡም። በየስብሰባው ብሔር ብሔረሰቦች ሁሉ እኩል ናቸው እየተባለ፣ እኛ ከስብሰባው ጠርዝ ላይ እንደቆምን፣ አንተም አረፍክ። ከቀብርህ በኋላ ሦስት ጊዜ ጻፍኩላቸው። "ምራቁ የአባቴ ነው፤ መልሱም የእሱ ነው" አልኳቸው። ባለፈው ጥር አንድ ወጣት ተመራማሪ መጣ።

የተሰበሰብነው አቶ ዘርጋ ግቢ ነው። የዚያን ቤት ምሰሶ ጠርበህ ያቆምከው አንተ ነህ፤ ምሳህን ግን ደጅ ላይ በኮባ ቅጠል ነበር የሰጡህ።

ወጣቱ ግንዳችሁ አንድ ነው አለ። ያለችው ጥቂት ልዩነት ለብዙ ትውልድ እንዳትጋቡ ስለተከለከላችሁ የመጣች ናት፤ የከለከለውም ሰው እንጂ ደም አይደለም አለ። አቶ ዘርጋ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "እኛስ መቼ ሌላ ናቸው አልን?" አለ።

ወዲያው ምግብ ቀረበ። ለእነሱ ቤት ውስጥ በሳህን፣ ለእኛ ደጅ ላይ በኮባ። ቅጠሌን መሬት ላይ ትቼ ገባሁና ከሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። አቶ ዘርጋ ሳይበላ ተነሥቶ ወጣ። ሚስቱ ትንሽ ቆማ አየችኝና ቆጮውንና ጎመኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ "ብዪ" አለችኝ። በላሁ። እናቴን ግን ብለምናት አልገባችም። "ተዪኝ፣ እኔ ለምጄዋለሁ" አለች። ከሁሉም ያመመኝ ይኼ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ተማሪዎቼ የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ ገበሬ ነው እላቸው ነበር። አንተ በሕይወት ሳለህም እንዲሁ ነበር የምለው። ባለፈው ሰኞ ስለ ዘር ውርስ ሳስተምር አንዲት ልጅ፣ "ቲቸር፣ እርስዎስ ከአባትዎ ምን ወረሱ?" አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። ስምህን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩትና፣ "እንጨት ሠሪ ነበር። እኔም የእንጨት ሠሪ ልጅ ነኝ" አልኳቸው። ሳቁ ቆመ። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ሰበሩ፤ የጠየቀችኝ ልጅ ግን ስምህን ደብተሯ ላይ ገለበጠች።

ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው። አባዬ፣ አልረሳህም፤ አልደብቅህምም።

ልጅህ ብርነሽ