ስለ ቀዩ የመጋዘን ጋሪ

ሰቆጣ፣ ሚያዝያ ፬ ቀን ፲፱፻፺፭ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አሥራተ ማርያም
የእህል መጋዘን ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ከደጋው ብርድና ከቆላው ንዳድ ይሰውርዎ እያልኩ፣ እኔ በመጋዘንዎ አሥራ አንድ ዓመት ጆንያ በጀርባዬ ያመላለስኩት ጫኝና አውራጅ ደግሰው፣ ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በታላቅ አክብሮት ለጥፌአለሁ።

፩ኛ. በጥር ወር ባለሁለት ጎማ የጆንያ መግፊያ ጋሪ ለመግዛት ደሴ ሲወርዱ ሐሳቤን ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ግቢያችን ድንጋያማ ስለሆነ ጎማው ትልቅና በአየር የሚነፋ፣ ባለካላማዳሪ ይሁን ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ጎማው ከመዳፌ የማይበልጥ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ቀይ ጋሪ ይዘው መጡ። ለቀለም ያለዎትን ፍቅር ያን ቀን አወቅሁ።

፪ኛ. ጋሪውን ከተቀጠረ ሁለት ወር ላልሞላው ለምንዋጋው ስለሰጡት አመሰግናለሁ። ቀናሁ፤ አልደብቅም። እኔ በላብ ርሼ ስወጣ እሱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እያፏጨ ይገፋ ነበር። ባለቤቴ ሰርክአዲስ ሳትቀር «ያ ሰውዬ ምን ሥራ ቢይዝ ነው እንዲህ የሚጸዳው?» አለችኝ። ያን ዕለት እራት አልበላሁም።

፫ኛ. የጋሪውን አጠቃቀም ስላላስተማሩት አመሰግናለሁ። ጭነት የፊትን መንገድ መጋረድ እንደሌለበት፣ በገመድ እንደሚታሰር፣ ቁልቁለት ላይም ሰው ከጭነቱ በታች እንደማይቆም እኔ አሰብ ወደብ ስሠራ ተምሬአለሁ። ግን ማን ጠይቆኝ? መጋቢት ሃያ ቀን ምንዋጋው አምስት ጆንያ ስንዴ ደራርቦ፣ ሳያስር፣ ከፊት ሆኖ እየጎተተ ተዳፋቱን ወረደ። አየሁት። «ቁም፣ እሰረው» ማለት እችል ነበር፤ ቅናት አፌን ያዘኝና ዝም አልኩ። ያቺ ትንሽ ጎማ ድንጋይ መሐል ተቀረቀረች፤ ጭነቱም ተገልብጦ እግሩ ላይ ወደቀ።

፬ኛ. በር ላይ የቆመው መኪናዎ ለስብሰባ እንደሚፈለግ በትሕትና ስለገለጹልን አመሰግናለሁ። ምንዋጋውን አዝዬ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። መንገድ ላይ «ጋሪውን አንተ ያዘው፤ ድሮም ላንተ ነበር የሚገባው» አለኝ።

«ሳታስር ስትወርድ አይቼህ ነበር» አልኩት። «ዝም ያልኩት ቀንቼብህ ነው።»

እሱም «እኔም የማፏጨው አንተን ለማናደድ ነበር» አለኝ።

ወደ ላይ አስተካክዬ አዘልኩትና መንገዱን ቀጠልን።

ጥፋቴን በአደባባይ የጻፍኩት የእርስዎንም ድርሻ ጨምሬ እንዳልሸከም ነው። እርስዎ በበኩልዎ «በራሱ ቸልተኝነት ተጎዳ» ብለው አሰናበቱት። አሁን ቤቱ ተኝቷል፤ ጎረቤት ከደሃና ወረዳ የመጣ ማር ይዞ ይጠይቀዋል። እውነቱን ለመናገር በማሩም ቀንቻለሁ።

ሰኞ ጠዋት ጋሪውን ለእኔ ሲያስረክቡኝ እጄን ወደ ኋላ ያደረግሁት ስለናቅሁዎ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ በሕልሜ የገፋሁት ጋሪ ነው። ነገር ግን ምንዋጋው ቢያንስ ተቀምጦ ጆንያ የሚቆጥርበት ሥራ ተሰጥቶት እስኪመለስ ድረስ አልነካውም። ሌሎቹም ጫኞች አንነካም ብለዋል፤ ይኸው በተያያዘው ወረቀት ላይ ስማቸውን ጽፈው ፈርመዋል።

በሥልጣንዎና በወንበርዎ ላይ ምቾት እንዲበዛልዎ የሚመኝ፣ ጀርባው የጎበጠ ታዛዥዎ፣

ደግሰው

ማሳሰቢያ፦ ምንዋጋው ምርኩዝ አሠርቷል። አናጢው እንጨቱን ከመቁረጡ በፊት «የምትሄድበት መንገድ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ለሚቀጥለው ግዢ ይጠቅምዎ እንደሆነ የአናጢውን ቤት አሳይዎታለሁ።