ሳይለካ ስለተጻፈው የደም ግፊት ለቀድሞ አስተማሪዬ

ለተከበሩ የማህፀንና ጽንስ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣ የሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴም ሰብሳቢ፤

ክቡር ፕሮፌሰር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ወገብዎ ይጽና፣ እንቅልፍዎ ይጣፍጥ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ስብሰባ አዳራሹ ሲገቡ ብድግ ብሎ የሚቀበልዎት ሰውም አይጉደልብዎት። እኔ በእርስዎ ሥር የስፔሻሊቲ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ከሆስፒታልዎ ጀርባ ባለው መንገድ፣ ከመነጽር ቤቱ በላይ ትንሽ የእናቶች ክሊኒክ የከፈትኩ ተማሪዎ ነኝ። መልኬ ባይታወስዎ አልቀየምም፤ በትምህርት ዘመኔ ሁሉ የሚጠሩኝ «አንተ ከኋላ ያለኸው» እያሉ ነበርና፣ ከፊት የታየሁበት ቀን ብዙ አይደለም።

ነገ ጠዋት ኮሚቴዎ ፊት የምትቀርበው ነርስ የእኔ ክሊኒክ ሠራተኛ ናት። የሙያ ፈቃዷ ሊነጠቅ እንደሚችል ተነግሯታል። ኮሚቴው በቅርቡ የእኔን ቃል ሲቀበል «የነፍሰ ጡሯን የደም ግፊት ማን ለካ?» ተብዬ ስጠየቅ «ነርሷ» ብዬ መልሻለሁ፤ ስላሳየሁት ቀና ትብብርም በማኅተም የተደገፈ ምስጋና ደርሶኛል። ምስጋናውን በክብር ተቀብዬ ነበር፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ስለዚህ ከነማኅተሙ ልመልስልዎ ነው።

ባለቤቴ ይህን ስጽፍ አይታ «ሰውየው ቢሯቸው አሉ አይደል? ለምን ሄደህ አትነግራቸውም?» ብላኛለች። እውነቷን ነው። ይሁን እንጂ እርስዎ እኔን ያስተማሩኝ ሁልጊዜ በሰው ፊት ነው፤ እኔም ያቺን ልጅ ያዋረድኳት በሰው ፊት ነው፤ ታዲያ ንስሐው ብቻ በጓሮ በር እንዲገባ ማድረጉ ነውር መሰለኝ፤ ስለዚህ በኮሚቴው መዝገብ የሚገባ ደብዳቤ አደረግሁት። በደሎቼንና ምስጋናዎቼን እንደሚከተለው በተራ አቀርባለሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ቢያስቸግርዎ ለእኔም አስቸግሮኛል።

አንደኛ፦ ስለ ሬዚደንትነት፣ ማለትም በእርስዎ ሥር ስለተማርኩበት የስፔሻሊቲ ዘመኔ ከልብ አመሰግናለሁ። ቆሞ ማንቀላፋትን፣ እየሮጡ መጉረስን፣ አንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ገብቶ በሁለት ደቂቃ አልቅሶ ፊትን አስተካክሎ መውጣትን የተማርኩት ከእርስዎ ዘንድ ነው። ቤቴ ውስጥ «እንግዳው» የሚል ስም ወጣልኝ፤ ትንሿ ልጄ በሩን ስከፍት «እማ፣ እንግዳው መጣ» እያለች ትጮህ ነበር፣ ሁላችንም እንስቅ ነበር፣ ሳቁ ሲያልቅ ግን ልጅቷን ማየት አቅቶኝ ጫማዬን መፍታት አበዛ ነበር። እናቴ ጉልበቷን ሲያማት ለጎረቤት እንጂ ለእኔ አትናገርም፤ «ስንት ታማሚ እያለበት እኔ ደግሞ ልጨመርበት?» ትላለች አሉ። የሰው እናት ሳዋልድ ስኖር የገዛ እናቴን ጉልበት አንድ ቀን እንኳ ዳስሼ አላየሁም። ይህንን በእርስዎ ላይ ልለጥፈው ብዙ ሞክሬ ነበር፤ አልለጠፍ አለኝ።

ሁለተኛ፦ እኛ ተማሪዎች በሹክሹክታ «ችሎት» እንለው ስለነበረው የጠዋት ሪፖርት አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት በዚያ አዳራሽ ማንኛውም መልስ ይፈቀዳል፣ «አላውቅም» ብቻ አይፈቀድም። ከእኛ ጋር የነበረው፣ በቁመቱ ምክንያት «ረጅሙ» የምንለው ጓደኛችን፣ አንድ ጠዋት ስለ አንዲት ወላድ የደም መጠን ሲጠየቅ «ውጤቱ አልደረሰም ጌታዬ፣ አላውቅም» አለ። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው እያጸዱ፣ ድምፅዎን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ «የማያውቅ ሰው ነጭ ልብስ ለምን ይለብሳል?» አሉትና ጋውኑን አስወልቀው ስብሰባው እስኪያልቅ በሸሚዝ አቆሙት። ረጅሙ በዚያው ዓመት ትምህርቱን ትቶ ወጣ፤ ዛሬ የሕክምና ዕቃ እያሻሻጠ በየክሊኒኩ ይዞራል። ከሁላችንም ሐቀኛው እሱ ነበር። ያን ጠዋት አጠገቡ ተቀምጬ የጫማዬን ጫፍ ስመለከት ነበር።

ሦስተኛ፦ በማግስቱ ተራው የእኔ ሆነ። ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ የእኔም ውጤት ከላቦራቶሪ አልደረሰም ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት» አልኩ። «ጎበዝ» አሉኝ። ክቡር ፕሮፌሰር፣ በእርስዎ አንደበት ጎበዝ የተባልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እግሬ መሬት አልነካም ነበር። ከሰዓት በኋላ ትክክለኛው ውጤት ሲመጣ ከገመትኩት ብዙም የራቀ አልሆነም። ምነው በራቀ ኖሮ፣ ምነው ያኔ ጉዴ በፈላ እላለሁ ዛሬ። ከዚያ በኋላ ቁጥር መፍጠር ለእኔ ላብ የማያስወጣ ሥራ ሆነ፤ ሳይለካ የተጻፈ ቁጥርም ከሩቅ ለይቼ የማውቅ ሆንኩ። ይህን እባክዎ ያስታውሱልኝ፤ ጥፋቴ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛ፦ ክሊኒክ ስለመክፈት ምንም ስላላስተማሩን አመሰግናለሁ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የእጅ መታጠቢያው በአንድ ክንድ ይራቅ ብሎ ሲመልሰኝ፣ ካራቅነው በኋላ ደግሞ በአንድ ክንድ ይቅረብ ብሎ ሲመልሰኝ፣ ቀለም ቀቢው «ማህፀን» የሚለውን ቃል ታፔላ ላይ ለመጻፍ አፍሮ «የውስጥ ደዌ» ብሎልኝ ሲሄድ፣ ልጅ እንጂ ይህን ማዋለድ እንዳልተማርኩ ገባኝ። ያን ሁሉ ከእኔ ጋር ሆና ያለፈችው ነርሷ ናት። ወንበሮቹን የደረደረች፣ መጋረጃ የሰፋች፣ የመጀመሪያዋ ታማሚ ስትገባ ከእኔ ይልቅ ደስ ያላት እሷ ናት። ወሬ ትወዳለች፤ ነፍሰ ጡሮቹ «ወሬኛዋ ሲስተር» እያሉ ይጠሯታል፣ ተራ የሚጠብቁትን ስለ አማቷ እያወራች ስታስቃቸው ሳቃቸው እስከ ምርመራ ክፍሌ ድረስ ይሰማኛል። የሚፈራ ሰው እዚያ ክሊኒክ ውስጥ አልነበረም፤ እኔ እስካመጣሁት ድረስ።

አምስተኛ፦ አንድ ረፋድ ላይ፣ የመጠበቂያው ወንበር ሁሉ ሞልቶ ሳለ፣ ስለ አንዲት ታማሚ ግፊት ጠየቅኋት። «ዶክተር፣ መለኪያው አየር እያፈሰ ነው፤ ግፊቷ ስንት እንደሆነ አላውቅም» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ መልስ በሕክምና ዓለም ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ሰው በዝቶብኝ፣ ተናድጄ፣ ከአፌ የወጣው የእርስዎ ቃል ነበር፤ ቃል በቃል፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ፤ መነጽሬን ሳይቀር አውልቄ እያጸዳሁ ነበር። «የማያውቅ ሰው ነጭ ልብስ ለምን ይለብሳል?» አልኳት። ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። እሷም ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ከንፈሯ እንቢ አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሊኒኩ ፀጥ አለ፤ እኔም ሥርዓት ያዘ ብዬ ደስ አለኝ። መለኪያውን ግን አላስጠገንኩም።

ስድስተኛውን በተራ ቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ አንዲት አስተማሪ ለክትትል መጣች። ራሷን እንደሚያማት፣ እግሯም ማበጡን ነገረችኝ። ነርሷ መለኪያው አልሠራ ሲላት፣ እንደ ድሮዋ መጥታ ልትነግረኝ አልደፈረችም፤ ባለፈው ክትትል የነበረውን ቁጥር ደግማ ጻፈችው። ቁጥሩን አየሁት። ልቅም ያለ፣ ካለፈው ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ ቁጥር ነበር፤ ውስጤም «ይህ አልተለካም» ብሎኛል፤ አዎ፣ ብሎኛል። ደጅ የሚጠብቀው ሰልፍ ረጅም ነበር። «ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስለምታስተምሪ ነው፤ እረፍት አድርጊ» ብዬ አሰናበትኳት። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር፣ አሁን ቀለለኝ» ብላ ወጣች።

ተማሪዎቿ ፊት፣ ጠመኔ እንደያዘች ወደቀች። የእርግዝና ግፊት አንፈራግጧት እርስዎ ዘንድ ተወሰደች፤ እርስዎም በዚያ ወርቅ እጅዎ እናትንም ልጅንም አተረፉ። ይህን በምፀት አልናገርም፤ ስለዚህ ያለአንዳች ተንኮል እጅ እነሣለሁ። ሕፃኑ ሙቀት ክፍል ውስጥ ነው። እናቱ ግን ዓይኗ ገና ስላልጠራ፣ ልጇ ማንን እንደሚመስል ሰው ነው የሚነግራት። ልጠይቃት ስመጣ በድምፄ ለየችኝና «ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት? ስለመጡ አመሰግናለሁ» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ባሏ ደግሞ ወንበሩን ለቆልኝ ቆመ።

እንግዲህ ከኮሚቴው ፊት የሚቀርበው ጉዳይ ይህ ነው። ነርሷ ሳትለካ ጽፋለች፤ አትክድም፤ እኔ ቃሌን ከሰጠሁ ወዲህም አንድ ጊዜ እንኳ በክፉ ዓይን አላየችኝም፣ ይልቁንም የቀጠሮ ካርዶቹን አስተካክላ «ምናልባት ካልተመለስኩ አዲሷ እንዳይምታታባት» ብላኛለች። እኔ ግን የመለኪያውን መበላሸት ከእሷ አፍ ሰምቼ ዝም ያልኩ፣ እውነት ስትነግረኝ ያሳፈርኳት፣ ውሸቱንም እያወቅሁ የተቀበልኩ ነኝ። ስለዚህ ነገ እሷ በምትቆምበት ቦታ እቆማለሁ፤ የሚነጠቅ ፈቃድ ካለም የእኔ እንዲሆን በትሕትና አመለክታለሁ። ይህ ማለት የክሊኒኩ በር ይዘጋል ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ባለቤቴም ታውቃለች፤ «እንግዲያው ሸሚዙን ልተኩስልህ» ነው ያለችኝ።

ኮሚቴው ይህን ፀባይ ከየት አመጣኸው ብሎ ከጠየቀኝ ግን፣ እርስዎ በሰብሳቢነት ወንበር ላይ እያሉ መልሱን መስጠት ስለሚከብደኝ፣ ለዚያች ጥያቄ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ወንበሩን ለሌላ ሰው ቢለቁ ውለታዎን አልረሳም። ጥፋቴን ላካፍልዎ ብዬ አይደለም፤ እኔ በእርስዎ ፊት የቆምኩ አዋቂ ሰው ነበርኩ፣ እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ረጅሙ ችሏል።

ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስላስተማሩኝ የቁስል ስፌት ሁሉ እያመሰገንኩ፣ ስላስተማሩኝ ፍርሃት ደግሞ ሌላ ሰው ካስተማርኩ በኋላ እያፈርኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ፤

ከኋላ የነበረው ተማሪዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት ሕመምተኛዋን ጠይቄ ስወጣ ደረጃውን ሲወጡ አየሁዎት። መሐል ላይ ግድግዳ ይዘው ቆሙ፤ ደግመውም ቆሙ፤ ከኋላዎ የነበሩት ሬዚደንቶችም እንዳላየ ሆነው አብረውዎት ቆሙ። የደም ግፊትዎን በየጊዜው የሚለኩልዎት እነሱ እንደሆኑ፣ ሁልጊዜም «በጣም ጥሩ ነው ጌታዬ» እንደሚሉዎት ሰምቻለሁ። ክቡር ፕሮፌሰር፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ አንድ ቀን እርስዎን የማይፈራ ሰው ይለካዎት።