ቡሬ ላይ ስምሽ የተጠራበት የመጨረሻ ቀን

ውድ ነፃነት፣

ደብዳቤ መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ስምንተኛ ላይ ያቆመ ሰው ብዙ አይጽፍም። ዛሬ ግን ወደ መቱ የሚመለሰው ሚኒባስ እስኪሞላ ጊዜ ስላለኝ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የሆነውን ልንገርሽ።

የምሠራበት ክሊኒክ መቱ፣ ጎሬና ቡሬ ላይ ኮምፒውተር አለው። ሦስቱም የሁሉንም ታካሚ መዝገብ ይይዛሉ፤ አንዱ ጋ የተጻፈው ወዲያው ሌሎቹ ጋ ይደርሳል። የቡሬ ኢንተርኔት ግን አንቺ ባረፍሽ ዋዜማ ተቋርጦ እስካሁን አልተመለሰም። መቱ ያለው ማረፍሽን ጻፈ፤ ቡሬ ያለው አልሰማም። ለእሱ አንቺ እንደ ድሮው በየወሩ ከእኔ ጋር እየመጣሽ ለደም ግፊት ክትትል የምትቀርቢ ሴት ነሽ።

እኔ በየወሩ መድኃኒት ይዤ ቡሬ ስደርስ፣ ካርድ የምታወጣውና መድኃኒት የምታድለው ዋሪቱ በሩ ላይ ቆማ «ነፃነት ወልደ ማርያም!» ትላለች። ኮምፒውተሩ «ተጠርታ ቀርታለች» የሚለውን ካልነኩለት የሚቀጥለውን ስም አያወጣም። ዝም ብለሽ ንኪው ሲሏት፣ «ሳልጠራ ተጠርታለች ብዬ አልዋሽም፤ ጌታን እፈራለሁ» አለች። ወረፋ የሚጠብቁት ስለሚያውቁሽ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ነፍስ ይማር ይላሉ። ጋሽ ዲንቃ ብቻ ያማርራል።

«እሷ ተጠርታ አትመጣም፤ እኔ መጥቼ አልጠራም። ማሎ፣ እባክሽ ዋሪቱ፣ ከሁለታችን የሞተው ማነው?»

እኔ የመድኃኒቱን ካርቶን ታቅፌ ጥግ እቆማለሁ። መቱ ላይ ስምሽን ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም። በቅዳሴም የሚነሣው የክርስትና ስምሽ ነው። ስለዚህ የቡሬ ቀን ሲደርስ ጫማዬን አስጠርግ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የኮምፒውተር ባለሙያው ሁንዴሳ ጠራኝ። የመቱንና የጎሬን መዝገብ አንዲት ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጦ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል፣ ቡሬ ሲደርሱ ይሰኩትና ‹ጀምር› የሚለውን ይንኩ። ሦስቱም አንድ ቃል እስኪናገሩ አይንቀሉት።»

«ቡሬ ባይሰማስ ምን ይጎድላል?» አልኩት፣ እንደ ቀልድ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሽ ዲንቃ ይጎዳሉዋ! መቱ ሲመጡ ሐኪሙ መድኃኒታቸውን በግማሽ ቀንሶላቸዋል። ቡሬ የሚሰጣቸው ግን የድሮውን ነው። ሲጠየቁ ነጩ ክኒን ነው ይላሉ። ሁለቱም ነጭ ናቸው።»

ዛሬ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ዲስኩ በኮቴ የውስጥ ኪስ ሆኖ ደረቴን ይነካኝ ነበር። ጎሬን ስናልፍ፣ «መብራት ጠፋ ብዬ ብመልሰውስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አንድ ወር ብቻ። አንድ ጊዜ ብቻ ትጠሪ። ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ፍቅር ነው ወይስ ስስት? እስካሁን አልለየሁትም። የዲንቃን ፊት ሳስብ ግን አፈርኩ።

ስደርስ ወረፋው በረንዳውን ሞልቶታል። ዋሪቱ፣ «ጋሼ፣ ስም መጥራት ሳልጀምር ቶሎ ይሰኩት» አለችኝ።

«መጀመሪያ እሷን ጥሪያት» አልኳት።

በሩ ላይ ቆመችና፣ «ነፃነት ወልደ ማርያም!» አለች።

«አርፋለች» አልኩ።

ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። በለቅሶው ጊዜ እንኳ ይህን ቃል ሌላ ሰው ነበር የሚናገርልኝ። ዲንቃ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ነፍስ ይማር» አለ። ከእሱ አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ሰካሁት። አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ሞላ፤ «ተሟልቷል» የሚል ወጣ። ቀጥሎ የወጣው ስም የዲንቃ ነበር።

«በስንት መከራ!» ብሎ ተነሣ። ዋሪቱ አዲሱን ክኒን ስትሰጠው እያገላበጠ አየው። «ይኼማ አንሷል። ግማሹን ማን በላው?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሚኒባሱ ሞልቷል፤ ረዳቱ እየተጣራ ነው። በሚመጣው ወር ስምሽን የሚጠራ የለም። እግዚአብሔር ዘንድ ግን ሁለቱም ስሞችሽ እንደሚታወቁ አምናለሁ። ጫማዬን አስጠርጌ እመጣለሁ።

ባልሽ ሰይፈ ሚካኤል
ቡሬ፣ መናኸሪያ