የአሰልጣኙ ኮት ገበር

የማህፀኔ ፍሬ ልጄ ሆይ፣ በሰው አገር ስትመላለሺ እግርሽን ከእንቅፋት፣ አንደበትሽን ከፍርሃት ይጠብቅልኝ። እኔ ዓይኔ ቢደክምም የስፌት መኪናዬ አልደከመችም፤ ወንድምሽ ግን ኩላሊቱ ስለከዳው ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ባለ ቁጥር ያቃስታል።

ያ ‹‹ቫይታሚን ነው፤ ያልተወጋ አይሰለፍም›› እያለ ወንድምሽን መርፌ የወጋው አሰልጣኝ፣ አንቺ ወደምትመሰክሪበት ችሎት ለብሶት የሚመጣውን ኮት፣ የቡድኑን ልብስ ሁልጊዜ የምሰፋው እኔ ነኝና፣ ስለ መርፌው ምንም የማላውቅ መስሎት እኔው ዘንድ አመጣው።

‹‹እማማ፣ አሳምረው ይስፉልኝ፤ ዳኞች ፊት ነው የምቆመው! ማስረጃማ የላቸውም!›› ብሎ ሳቀ።

‹‹እንደ ሥራህ አሳምርልሃለሁ፣ ልጄ›› አልኩት፤ እኔም ሳቅሁ።

ጉድጓድ ሲምሱ አያርቁ፣ ማን እንደሚገባ አያውቁ። ወንድምሽ ፍራሹ ሥር ያቆየውን፣ ሰውዬው በገዛ እጁ የወንድምሽን ስም የጻፈበትን የዚያን መርፌ መድኃኒት ባዶ ብልቃጥ በጥጥ ጠቅልዬ፣ ከልቡ ትይዩ፣ በጥቁሩ ገበር ውስጥ በነጭ ክር ሰፍቼለታለሁ፤ ማስረጃውን ራሱ ተሸክሞ ይመጣልሻል።

ዕድሜሽ ይርዘም፤ የወንድምሽን እንባ የምታብሺ ያድርግሽ። አንዲት ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ወደ ችሎቱ ስትሄጂ የሰጠሁሽን ትንሿን መቀስ እንዳትረሺ፤ ዳኞቹንም ‹‹እናቴ የሰፋችው ኮት ገበር ይፈተሽልኝ›› ብለሽ በትሕትና ጠይቂ።