የመጋቢት አቦ ወተት

መተማ፣ መጋቢት 17 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዙፋን፣ ገዳሪፍ

እንደምን ከርመሻል ልጄ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ዘሊካ በሽቶ ዕቃዋ መካከል ይዛልሽ ትሻገራለች፤ አንብበሽ አቃጥዪው።

ደጃዝማች አምባው ከሳንጃ እስከዚህ ያለውን ቆላ ገዝተው፣ ለመሞቻቸው የሰው አገር ደረሳቸው። ቀበሌ ሰብስቦ «በወባ ሞተ» አለን። የሱዳኑ ሐኪም ጉበት ነው ብሏል ይባላል። ሽንፋ ያሉት ዘመዶቻቸው ግን መርዝ ነው ይላሉ፤ ያስታመምሻቸው አንቺ ነሽና የሚያነሡት ስምሽን ነው።

ሰኞ ልጃቸው ደሞዝ መጣ። ተቀመጥ ብለው እንቢ አለ።

«እሜቴ፣ ልጅዎ ለአባቴ የምትሰጠውን ቀምሳ ነበር የምትሰጥ?»

«እንዳስተማርኋት።»

«ይማሉልኛል?»

ማልሁለት። «ወተቱን እንደ ልማዴ በመዳፌ ቀምሼ ሰጠኋቸው፤ በማግስቱ ዐረፉ» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበርና። እሱ ሲወጣ ደብዳቤሽን አውጥቼ ደግሜ አነበብሁት። ወተቱን የሰጠሽበትን ቀን መጋቢት አምስት ብለሻል። መጋቢት አቦ ዘንድሮ ዓርብ ዋለ፤ ያውም በሁዳዴ። ለእሳቸው ስለ ሕመማቸው ነፍስ አባታቸው ፈቀዱላቸው። ለአንቺስ? ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ ጾም ሽረሽ አታውቂም። አልቀመስሽም፣ ዙፋን። ጾምሽን ጠብቀሽ ሰውየውን ሳትጠብቂ ቀረሽ። ያመጣውን ሰው ባታምኚው ደግሞ ሳይቀመስ አትሰጪም ነበር።

ትናንት ባልሽ ያረጋል ከእናንተ ዘንድ ተሻግሮ መጣ። የደጃዝማች ጠብመንጃ ያዥ ነህ ተብሎ ሦስት ዓመት ሲፈለግ የኖረ ሰው፣ ኬላውን በጠራራ ፀሐይ አልፎ፣ የመንግሥት እርሻ መኪና እየነዳ!

«ምነው እማማ፣ አማችዎን ሲያዩ መንግሥት ያዩ መሰሉ?» አለኝ።

«መንግሥት እንኳ ሲመጣ ያንኳኳል» አልሁት።

ማሩኝ ብሎ ገብቶ እንደማሩት ነገረኝ። ከእሱ በፊት ማሩኝ ብለው የገቡትን እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ለአንዳቸውም መኪና አልተሰጠም።

የሱዳን ስኳር አምጥቶልኛል። «ቅመስና ስጠኝ» አልሁት።

«ጾም ነው እኮ እማማ!» ብሎ ሳቀ።

ሰዓቱ ከዘጠኝ ካለፈ ቆይቷል። «ስኳር ከመቼ ወዲህ ነው የተጾመ?» ስለው ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። ምናልባት ከንቱ ጥርጣሬ ነው። ስኳሩ ግን እስካሁን እንደታሰረ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሊወስድሽ ይሻገራል። እናትሽ ናፍቃሻለች ይልሻል፤ እውነቱን ነው። ግን አብረሽው እንዳትሳፈሪ። እሱ ሳይቀምስ የሚሰጥሽንም በአፍሽ አታድርጊ። ዘሊካ ከሰላ ከተማ ወዳለችው እኅቷ ቤት ታደርስሻለች፤ ከእሷ ጋር ተነሺ። ለደሞዝ የማልሁት ሐሰት ሆኗል፤ ንስሐው የእኔ ነው፣ አንቺ አትጨነቂበት።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ያን ወተት በእጅሽ የሰጠሽ ማን ነው? ሌላ ሰው ከሆነ ስሙን ጻፊ። እሱ ከሆነ ግን ምንም ሳትጽፊ ወረቀቱን አጥፈሽ ለዘሊካ ስጫት። እኔ የተማርሁት ባዶ ገጽ ያቀረበ በአርጩሜ በሚገረፍበት ቤት ነው፤ ከአንቺም ባዶ ወረቀት ተቀብዬ አላውቅም። ያንን እቀበላለሁ።

አቦ ባለሽበት ይጠብቁሽ። ጾምሽንም ለጽድቅ ይቁጠሩልሽ።

እናትሽ ሀብትነሽ