ፈርደው ዝም ስላሉት ስለ ዶን ኔፍታሊ ፔጌሮ ዕረፍት

የሳንታ ብሪሂዳ የቤዝቦል ጸሐፊዎችና ተንታኞች ማኅበር የቀድሞ ሊቀ መንበሩን ዶን ኔፍታሊ ፔጌሮን ማክሰኞ ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 ማለዳ በሞት መነጠቁን ለአባላቱ፣ ለራዲዮ አድማጮችና ለከተማው ሕዝብ የሚገልጸው በከባድ ሐዘን ነው። ዶን ኔፍታሊ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሰባ ስምንት ዓመታቸው በቤታቸው አርፈዋል። ሐዘናችን ጥልቅ ነው፤ ይህን ስንል ለደንቡ ያህል አይደለም።

ዶን ኔፍታሊ በስኳር ፋብሪካው ሰፈር ከሸንኮራ መዛኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ተወለዱ። በልጅነታቸው ኳስ ሞክረው ነበር። ራሳቸው ይሉ እንደነበረው መሮጥም፣ መወርወርም፣ መምታትም አልሆነላቸውምና የቀረው ማየት ብቻ ነበር።

በ1967 «የማለዳ ድምፅ» ጋዜጣ የከተማችንን ቡድን የሸንኮራ ቆራጮችን ውሎ በየቀኑ እንዲዘግቡ ቀጠራቸው። ከተጫዋቾቹ ጋር በአንድ አውቶቡስ ተጓዙ፤ አብረዋቸው ሙዝ ጥብስ በሉ፤ ይሁንና ስለ ቡድኑ ሲጽፉ «እኛ» ብለው አያውቁም። ከቡድኑ የተሰናበተ ተጫዋች ስሙን በጋዜጣ ከማንበቡ በፊት እሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው ያነጋግሩት ነበር። ወጣት ባልደረቦቻችን ይህን ልብ ቢሉት ደስ ይለናል።

ከ1974 ጀምሮ የጋዜጣ ሥራቸውን ሳይተዉ የሊጉ መዝጋቢ ዳኛ ሆኑ። በሊጋችን ልማድ ከጋዜጠኞች ሰገነት አንዱ ጸሐፊ ይመረጥና፣ መቺው ሮጦ ቤዝ በሚባለው ማረፊያ ላይ በደረሰ ቁጥር በራሱ ምት ይሁን በተከላካይ ስህተት እሱ ይፈርዳል። ፍርዱ በሰሌዳው ላይ ይበራል። ከዚያ በኋላ መዝጋቢው ለምን እንዲህ እንደፈረደ ለማንም አያስረዳም፤ ማስረዳት ከጀመረ ነገ ለሁሉም ሲያስረዳ ይውላልና። ዶን ኔፍታሊ ይህን ልማድ ከማናችንም በላይ አጥብቀው ያዙት።

በ1985 ራዲዮ ብሪሂዳ ማይክሮፎኑን ሰጣቸው፤ እስከ 2019 ድረስም አልለቀቁትም። ጩኸት አይወዱም ነበር። ኳስ ከአጥር ስትሻገር ዝም ብለው ሕዝቡን ያሰሙን ነበር። ውጤቱን በየደቂቃው የሚደጋግሙት፣ እንደሚሉት፣ «ገና አሁን ከሥራ ገብቶ ጫማውን የሚያወልቅ ሰው ስላለ» ነው። ወርዋሪው የደከመው ሲመስላቸው ደግሞ «እመቤቶች፣ ሩዙን ከእሳት አውርዱት፤ ይሄ ዙር ሊረዝም ነው» ይሉ ነበር፤ በዚህ ምክር ስንት ድስት ከማረር እንደዳነ እግዚአብሔር ይወቀው።

በ1998 አውሎ ነፋሱ የስታዲየሙን ጣራ ሲነቅል የውድድር ዘመኑን ግማሽ ከጭነት መኪና ላይ ቆመው አስተላለፉ። ጃንጥላ የያዙላቸው ባለቤታቸው ዶኛ ኦቲልያ ነበሩ።

ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ የሚታወቅ ነው። ይህን መግለጫ ሁለት ቀን ያዘገየው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ሳንናገር ብናልፍ ሟቹን መበደል ይሆናል።

በጃንዋሪ 1981 በፍጻሜው ጨዋታ የእኛው ወርዋሪ ራድአሜስ ሞታ አንድም ምት ሳይሰጥ እስከ መጨረሻው ዙር ደረሰ። በሳንታ ብሪሂዳ ታሪክ ማንም አድርጎት አያውቅም፤ ዛሬም የለም። የቀረው አንድ መቺ ብቻ ነበር። መቺው ኳሷን መሬት ለመሬት መልሶ መታት፤ በራድአሜስ አጠገብ አልፋ ወደ ተከላካያችን ወደ ኢሲድሮ ካኔላ ሄደች፤ ኢሲድሮም ደረሰባትና ከጓንቱ አመለጠችው። ሕዝቡ «ስህተት!» ብሎ ጮኸ። ስህተት ከተባለ የራድአሜስ ታሪክ አይነካም። ሰሌዳው ላይ የበራው ግን «ምት» ነበር።

ኢሲድሮ የዶኛ ኦቲልያ ወንድም ነው። ከተማው ሌላ ማስረጃ አልፈለገም፤ ዶን ኔፍታሊ የአማቻቸውን ስም ለማዳን የራድአሜስን ክብር ሸጡ ተባለ። በቤታቸው ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ወረደ። ወደ ስታዲየም በገቡ ቁጥር «አማች! አማች!» የሚለው ጩኸት የማያውቁት ልጆች ሳይቀሩ የሚቀበሉት ዜማ ሆነ። በ2003 የስታዲየሙ የጋዜጠኞች ሰገነት በስማቸው እንዲሰየም ሐሳብ ሲቀርብ በዚሁ ሐሜት ወደቀ። ዶን ኔፍታሊ አንድም ቀን አልመለሱም። ራድአሜስ ሞታን በራዲዮ ባነሱ ቁጥር «ካየኋቸው ወርዋሪዎች ሁሉ የሚበልጠው» ከማለት በቀር።

ባረፉ ማግስት ለበጎ ያሰቡ ሰዎች ወደ ማኅበራችን መጡ። መዝጋቢው ስለሌሉ፣ ማኅበሩ ከተስማማ ሊጉ ፍርዱን ወደ «ስህተት» ሊለውጠው እንደሚችል ነገሩን፤ ዶን ራድአሜስም ኩላሊታቸው ታሞ ሰውነታቸው እየከሳ ነውና በሕይወት እያሉ ስማቸው በስታዲየሙ የክብር ግድግዳ ላይ ይጻፍ አሉ። ብዙዎቻችን ወደ መስማማቱ አዘንብለን ነበር። ሟች አይከራከርም፤ ሕያውን ማስደሰትም አይከፋም ብለን ነበር። ቢሆንም ባለጉዳዩን ሳንጠይቅ አንወስንም ብለን ላክንባቸው።

ዶን ራድአሜስ ወደ ቢሯችን አልመጡም። «ልቅሶ ቤት እንገናኝ» አሉን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሟቹ ግቢ ውስጥ፣ ለቀስተኛው በፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድሮ ሳለ፣ በከዘራ ገብተው ዶኛ ኦቲልያ ፊት ቆሙ። የተናገሩትን ጸሐፊያችን እንደወረደ ይዞታል።

«ኦቲልያ፣ ቁጭ በል አትበይኝ፤ ከተቀመጥኩ አልናገረውም። ያቺ ኳስ ጓንቴን ነክታለች። እዚች ጋ፣ የመሀል ጣቴ ጫፍ ላይ። ነክታኝ አቅጣጫ ለወጠች። ወንድምሽ ምን ያድርግ? ወደ ግራ ሲሄድላት ወደ ቀኝ መጣችበት። ምት ናት፤ የጠራች ምት። እኔ አውቃለሁ፣ ባልሽ አይቷል፤ ሌላ ሰው አላየም።»

የዶን ራድአሜስ የዶሚኖ ጨዋታ ጓደኛ የሆኑት ፀጉር አስተካካዩ ዶን ቻጎ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አንተ ሌባ! ላንተ ስል ከስንቱ ጋር ተደባድቤያለሁ! ይሄን ምስኪን እየላጨሁት እንኳ አላናግረውም ነበር እኮ!»

«እወቀኝ እንግዲህ» አሉ ዶን ራድአሜስ። «'የተዘረፈው ራድአሜስ' እያላችሁ ቢራ ስትጋብዙኝ ጣፈጠኝ። መጀመሪያ ነገ እናገራለሁ አልኩ። ከዚያ ዓመት አለፈ። ከዚያማ ምን ብዬ? እሱ ደግሞ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ 'ጣትህ ተሻለህ?' ብቻ አለኝ። ምነው በሰደበኝ! ግድግዳችሁን አልፈልግም። ፍርዱን የነካ ሰው ከእኔ ጋር ተጣላ።»

በዚያ ግቢ የተገኘን ሁሉ ዶኛ ኦቲልያ ይራገማሉ ብለን ፈርተን ነበር፤ ቢራገሙም ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

«ታዲያ ለእኔ ብሎ አልነበረም?» አሉ።

«አልነበረም፣ እህቴ። ያየውን ነው የፈረደው።»

«እኔ እኮ ለእኔ ብሎ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። በወንድሜ እንዳላዝን ብሎ፣ ስሙን በእኔ ምክንያት አጠፋ እያልኩ። ጠይቄው አላውቅም፤ መልሱን ፈርቼ። በየእሑዱ ፍየል የምሠራለት፣ ሲቆጣ የምችለው፣ ለዚያ ካሳ ነበር።» ሳቃቸው ቀደመ፤ ዕንባቸው ተከተለ። «ያ ሁሉ ፍየል!»

ዶን ራድአሜስ ያኔ ተቀመጡ። ዶኛ ኦቲልያ ቡና እንዲሰጣቸው አዘዙ፤ ጠጡም።

ስለዚህ ማኅበራችን በዚያው ዕለት ማምሻውን ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ የሚከተለውን ወስኗል። የጃንዋሪ 1981 ፍርድ እንደ ተፈረደ ይጸናል። የጋዜጠኞች ሰገነት ዶን ኔፍታሊ ፔጌሮ ተብሎ እንዲሰየም ለክለቡ በድጋሚ ጥያቄ ይቀርባል፤ የጥያቄው የመጀመሪያ ፈራሚ ዶን ራድአሜስ ሞታ ናቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሳቸውን ስም ከመቃብር በላይ ለማዋል የዘገየነው እኛ ነን።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በስኳር ፋብሪካው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። የዕለቱ ጨዋታ አይሰረዝም፤ ዶን ኔፍታሊ በዝናብ ካልሆነ በቀር ጨዋታ ሲሰረዝ አይወዱም ነበር።

ለዶኛ ኦቲልያ፣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው፣ በጋዜጣውና በራዲዮው ለነበሩ ባልደረቦቻቸው፣ ማታ ማታ በድምፃቸው ሲያርፉ ለኖሩ የሸንኮራ ሠራተኞች መጽናናትን እንመኛለን። ዶኛ ኦቲልያ ይህን ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት አንብበውት አንድ ነገር ብቻ እንድንጨምር ጠይቀዋል፤ እንደ ቃላቸው አስፍረነዋል፦ «ለእኔ ብሎ ባለማድረጉ ተናድጄበታለሁ፤ ኮርቼበታለሁም። ዛሬ ቢመጣ ግን ፍየሉን እሠራለታለሁ፤ በዕዳ ሳይሆን እንዲሁ።»

የሳንታ ብሪሂዳ የቤዝቦል ጸሐፊዎችና ተንታኞች ማኅበር